የመረጃ ጎተራን ስለ ማስፋትና ስለ ማጥበብ

ገበሬ አዝመራውን ከመሰብሰቡ አስቀድሞ ጎተራውን ያዘጋጃል። ጎተራው ከእህሉ ያነሰ እንደ ሆነ እህሉ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ጎተራው ከእህሉ እጅግ የበለጠ እንደ ሆነ ደግሞ ለሌላ ሥራ ሊውል የሚችል ቦታ በከንቱ ይያዛል። የኮምፒዩተር ማከማቻም እንደዚሁ ነው። ዛሬ የበቃው ለከርሞ ይጠባል፤ ዛሬ ለአንዱ ክፍል የተሰጠው ትርፍ ቦታ ነገ ለሌላው ክፍል ያስፈልጋል። ስለዚህ ማከማቻን ማስፋትና ማጥበብ ኮምፒዩተር ባለበት ሁሉ የማይቀር ሥራ ነው።

የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ በኔትወርክ በኩል አገልግሎት የሚሰጥ የመረጃ ማከማቻ መጠኑ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ይልቁንም በውስጡ ያለው መረጃ ሳይጠፋ ሥራው በምን ቅደም ተከተል መፈጸም እንዳለበት ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ማስረዳት ነው።

ማንም ሰው «ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ዛሬ የተማሪ ውጤት፣ የሕመምተኛ ካርድ፣ የባንክ ሒሳብና የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች መዝገብ በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በዲስክ ላይም ይጠበቃል። አንድ ሠራተኛ በችኮላ በሰጠው ትእዛዝ የዐሥር ዓመት ተማሪዎች ውጤት ቢጠፋ፣ ጉዳቱ የሚወድቀው በሠራተኛው ላይ ብቻ አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ማስረጃ ፈልጎ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚመለሰው በቀድሞው ተማሪ ላይም ነው። የሌላውን ሰው መዝገብ የሚጠብቅ ሁሉ የአደራ ሥራ እንደ ያዘ ማወቅ አለበት።

አጭር ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መረጃን በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ማከማቸት የተጀመረው በ1956 ነው። በዚያ ዓመት አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ራማክ የሚባለውን መሣሪያ አወጣ። መሣሪያው እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያላቸው 50 ዲስኮች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ የማያንስ ቦታ ይወስዳል።

በ1984 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ፋይል በሌሎች ኮምፒዩተሮች ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲነበብና እንዲጻፍ የሚያስችለውን ኤን ኤፍ ኤስ የሚባል ሥርዐት አቀረበ። በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ፣ ብዙ ትንንሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ማሠራት የሚቻልበትን ዘዴ ሬይድ ብለው ሰይመው በጽሑፍ ገለጹት። በ2004 ደግሞ ስካዚ የሚባለው የዲስክ ትእዛዝ በተራ ኔትወርክ ላይ እንዲተላለፍ የሚያደርገው አይስካዚ የሚባለው ደንብ ታትሞ ወጣ። ከዚህ በኋላ ዲስኩ በአንድ ክፍል፣ ዲስኩን የሚጠቀምበት ሰርቨር በሌላ ክፍል ሆነው መሥራታቸው የተለመደ ነገር ሆነ።

የኔትወርክ ማከማቻ ዐይነቶች

የኔትወርክ ማከማቻ በጠቅላላው በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ፋይል የሚያድል ማከማቻ ነው። በዚህኛው ፋይሎቹን በስምና በመደብ የሚያደራጀው ማከማቻው ራሱ ነው። ሰርቨሩ ወይም የተማሪው ኮምፒዩተር «ይህን ስም ያለውን ፋይል ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ማከማቻውም ያቀብለዋል።

ሁለተኛው ባዶ ቦታ የሚያድል ማከማቻ ነው። በዚህኛው ማከማቻው ለሰርቨሩ የሚሰጠው ቮልዩም የሚባል፣ በቁጥር በተከፋፈሉ ሣጥኖች የተሞላ ባዶ ቦታ ነው። እነዚህ ሣጥኖች ብሎክ ይባላሉ። በየትኛው ብሎክ የየትኛው ፋይል ክፍል እንደ ተቀመጠ የሚያውቀው ሰርቨሩ ብቻ ነው፤ ማከማቻው ምንም አያውቅም።

ይህን ልዩነት በደንብ መያዝ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዐይነት ቦታውንም ይዘቱንም የሚያውቀው አንድ አካል ስለ ሆነ፣ መጠኑን ቀንስ ቢሉት እንኳ በውስጡ ካለው መረጃ በታች ሲሆንበት እምቢ ማለት ይችላል። በሁለተኛው ዐይነት ግን ቦታውን የሚያውቀው አንድ፣ ይዘቱን የሚያውቀው ሌላ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሌላውን ሳያማክር ወሰን ቢለውጥ ጥፋት ይመጣል። ከዚህ በታች የሚሰጠው ትምህርት በተለይ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዐይነት ነው።

የማከማቻው ደርቦች

በአይስካዚ በኩል ቦታ የተሰጠው አንድ የሊኑክስ ሰርቨር እንውሰድ። ከታች ወደ ላይ ስንቆጥር የሚከተሉትን ደርቦች እናገኛለን።

1ኛ፤ በማከማቻው ውስጥ በሬይድ የተቀናጁት ዲስኮች።

2ኛ፤ ከእነዚህ ዲስኮች ተቆርጦ ለሰርቨሩ የተሰጠው የኔትወርክ ቮልዩም።

3ኛ፤ ሰርቨሩ ይህን ቮልዩም ተቀብሎ፣ አንድም ብቻውን፣ አንድም ከሌሎች ጋር ደምሮ የሚይዝበት የቮልዩም ጉባኤ። ይህ በሊኑክስ ኤል ቪ ኤም በሚባለው መሣሪያ ይሠራል። መሣሪያውን ለሊኑክስ የጻፈው ሃይንዝ ማውልስሃገን ሲሆን ዘመኑም 1998 ነበር።

4ኛ፤ ከጉባኤው ተከፍሎ ለአንድ ሥራ የሚመደበው ሎጂካል ቮልዩም።

5ኛ፤ በዚህ ላይ የተዘረጋው ፋይል ሲስተም፤ ይኸውም የፋይሎችን ስም፣ ቦታና መጠን መዝግቦ የሚይዘው ሥርዐት ነው።

ፋይሎቹ ከዚህ ሁሉ በላይ ይቀመጣሉ። ነገሩን በቤት ብንመስለው፣ ታችኛው ደርብ ቦታው፣ መካከለኞቹ አጥሩና ግድግዳው፣ ላይኛው ደግሞ በግድግዳው ውስጥ የተደረደረው የቤት ዕቃ ነው። አጥሩን ለማስጠጋት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ግድግዳው የት እንደ ደረሰ፣ ግድግዳውን ለማስጠጋት የሚፈልግም ዕቃው የት እንደ ተቀመጠ ማየት እንዳለበት ሁሉ የመረጃ ጠባቂም እንዲሁ ማድረግ አለበት።

ዋናው ሕግ

በማናቸውም ሰዓት፣ በሥራው መካከልም ቢሆን፣ ታችኛው ደርብ ከላይኛው ደርብ ማነስ የለበትም። ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

ከዚህ ሕግ ሁለት ደንቦች ይከተላሉ። ማከማቻን ስናሰፋ ከታች ጀምረን ወደ ላይ እንወጣለን፤ ይኸውም አስቀድሞ ቦታው፣ ቀጥሎ አጥሩ፣ በመጨረሻም ውስጡ ይሰፋል። ስናጠብ ግን ከላይ ጀምረን ወደ ታች እንወርዳለን፤ ይኸውም አስቀድሞ ውስጡ ይሰበሰባል፣ ቀጥሎ አጥሩ ይጠጋል፣ በመጨረሻም ቦታው ይለቀቃል።

በማስፋት ጊዜ ሥራው በመካከሉ ቢቋረጥ የሚደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ታች የተገኘው ትርፍ ቦታ ላይ ሳይደርስ ይቀራል እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም። በማጥበብ ጊዜ ግን ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ የፋይል ሲስተሙ ጫፍ ከነበረበት መሬት ተቆርጦ ይወድቃል። ስለዚህ ማስፋት ጥንቃቄን፣ ማጥበብ ግን ጥንቃቄንና ቆራጥ ምክንያትን ይፈልጋል።

ከሥራው በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ማንኛውንም ትእዛዝ ከመስጠት በፊት የመጠባበቂያ ቅጂ መኖር አለበት። ቅጂ ሲባልም በሌላ መሣሪያ ላይ የተቀመጠ፣ ተከፍቶም የተነበበ ቅጂ ማለት ነው። ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂ ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ ጥቂት ፋይሎችን መርጦ ወደ ሌላ ቦታ መልሶ በመገልበጥ መክፈት ይገባል።

በዚህ ረገድ ብዙ ሰዎችን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሬይድ ነው። ሬይድ የዲስክን መሰበር ይከላከላል እንጂ የሰውን የተሳሳተ ትእዛዝ አይከላከልም፤ የተሳሳተውን ትእዛዝ ሳይጠይቅ በሁሉም ዲስኮች ላይ ይፈጽመዋል። ሁለተኛው ስናፕሾት ነው። ስናፕሾት ማለት ቮልዩሙ በአንድ ሰዓት የነበረውን መልክ እንደ ነበረ የሚይዝ ዘዴ ሲሆን፣ ከሥራ በፊት ቢነሣ ለመመለስ እጅግ ይረዳል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በዚያው ማከማቻ ላይ ስለ ሆነ፣ ማከማቻው ሲበላሽ እርሱም አብሮ ይበላሻል። ስናፕሾት የቅጂ ረዳት ነው እንጂ የቅጂ ምትክ አይደለም።

ከቅጂው ቀጥሎ የእያንዳንዱ ደርብ መጠን በወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ አንድ የስሌት ወጥመድ አለ። አንዳንዱ መሣሪያ ጊጋባይትን በሺህ ይቆጥራል፤ ሌላው በ1024 ይቆጥራል። 120 ጊጋባይት በሺህ ሲቆጠር 120,000,000,000 ባይት ነው። በ1024 ሲቆጠር ግን 128,849,018,880 ባይት ይሆናል። ልዩነቱ 8,849,018,880 ባይት ነው። ሰርቨሩ በሁለተኛው ቆጥሮ ፋይል ሲስተሙን 120 ቢያደርገው፣ ማከማቻው ደግሞ በመጀመሪያው ቆጥሮ ቮልዩሙን 120 ቢያደርገው፣ ሁለቱም «120» ብለው ሳለ ከ8 ቢሊዮን ባይት በላይ የሆነ ጫፍ ይቆረጣል። ስለዚህ መጠን የሚነጻጸረው በጊጋባይት ስም ሳይሆን በባይት ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ዝግጅት ትክክለኛውን ቮልዩም መለየት ነው። ሁለት ቮልዩሞች አንድ ዐይነት መጠን ቢኖራቸው በመጠናቸው መለየት አይቻልም። የእያንዳንዱን መለያ ቁጥር በማከማቻው በኩልና በሰርቨሩ በኩል አንብቦ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስለ ማስፋት

100 ጊጋባይት የነበረውን ቮልዩም ወደ 150 ለማድረስ እንፈልጋለን እንበል። ሥራው እንደሚከተለው ይፈጸማል።

1ኛ፤ በማከማቻው ላይ በቂ ነጻ ቦታ መኖሩ ይታያል፤ ከዚያም የኔትወርክ ቮልዩሙ ወደ 150 እንዲያድግ ይታዘዛል።

2ኛ፤ ሰርቨሩ አዲሱን መጠን ራሱ ላያውቅ ስለሚችል ዲስኮቹን እንደገና እንዲመለከት ይደረጋል። ሰርቨሩ ከማከማቻው ጋር በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ መንገዶች የተገናኘ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ መንገድ አዲሱን መጠን ማየት አለበት። አንዱ መንገድ 150፣ ሌላው 100 እያየ ወደሚቀጥለው ደርብ መውጣት አይገባም።

3ኛ፤ በቮልዩሙ ላይ ፓርቲሽን ካለ እርሱ ይሰፋል። ከዚያም ፒ ቪ ሪሳይዝ በሚባለው ትእዛዝ የቮልዩም ጉባኤው ትርፉን ይቀበላል።

4ኛ፤ ኤል ቪ ኤክስቴንድ በሚባለው ትእዛዝ ሎጂካል ቮልዩሙ ያድጋል።

5ኛ፤ ፋይል ሲስተሙ ኤክስት ፎር የሚባለው ዐይነት ከሆነ ሪሳይዝ ቱ ኤፍ ኤስ በሚባለው ትእዛዝ፣ ኤክስ ኤፍ ኤስ የሚባለው ከሆነ ኤክስ ኤፍ ኤስ ግሮው ኤፍ ኤስ በሚባለው ትእዛዝ ይሰፋል። ሁለቱም ፋይሎቹ በአገልግሎት ላይ ሳሉ ሊሰፉ ይችላሉ።

6ኛ፤ በመጨረሻ ዲ ኤፍ በሚባለው ትእዛዝ አዲሱ መጠን ይታያል፤ ከወረቀቱ ጋርም ይነጻጸራል።

በማስፋትም ጊዜ ቢሆን ጣሪያ እንዳለ መዘንጋት አይገባም። የቆየው የፓርቲሽን ሠንጠረዥ፣ ኤም ቢ አር የሚባለው፣ 512 ባይት በሆኑ ክፍልፋዮች ሲቆጥር ከ2,199,023,255,552 ባይት በላይ ማየት አይችልም። ቮልዩሙ ከዚህ በላይ ቢያድግ ትርፉ ለዚያ ሠንጠረዥ እንደሌለ ነው፤ መድኀኒቱም ጂ ፒ ቲ ወደሚባለው አዲሱ ሠንጠረዥ መዛወር ነው። ኤክስት ፎርም የብሎክ ቁጥሮቹ በ32 ቢት እንዲጻፉ ሆኖ ከተፈጠረና ብሎኩ 4096 ባይት ከሆነ፣ በ17,592,186,044,416 ባይት ላይ ይቆማል።

ስለ ማጥበብ

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደርሰናል። 200 ጊጋባይት የሆነ ሎጂካል ቮልዩም በላዩ ኤክስት ፎር ተዘርግቶበታል፤ በውስጡ ያለው መረጃ 70 ጊጋባይት ነው፤ ወደ 120 እንድናጠበው ታዘናል እንበል። ለአቆጣጠር እንዲመቸን ጊጋባይትን በ1024 እንቆጥራለን።

ብሎኩ 4096 ባይት ከሆነ በአንድ ጊጋባይት ውስጥ 262,144 ብሎኮች አሉ። ስለዚህ የ200 ጊጋባይት ፋይል ሲስተም 52,428,800 ብሎኮች አሉት፤ 120 ጊጋባይት ደግሞ 31,457,280 ብሎኮች ብቻ ይይዛል። አንድ ሰው አስቀድሞ ቮልዩሙን ቢቆርጥ 20,971,520 ብሎኮች ከነመዝገባቸው ይለያሉ። «መረጃው 70 ብቻ ስለ ሆነ በ120 ውስጥ ይበቃዋል» የሚል ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መረጃው 70 ይሁን እንጂ ከፊት ጀምሮ ተጠጋግቶ የተደረደረ አይደለም፤ በመላው ቮልዩም ላይ ተበታትኖ ሊቀመጥ ይችላል። በጎተራ ያለ እህል ወደ ታች ይረጋል፤ በዲስክ ያለ መረጃ ግን ራሱን አይሰበስብም። የሚሰበስበው ፋይል ሲስተሙን የሚያጠበው ትእዛዝ ነው። አስቀድሞ ከላይ መጀመር ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ቅጂው ይወሰዳል፤ ተከፍቶም ይሞከራል።

2ኛ፤ በቮልዩሙ የሚጠቀሙ አገልግሎቶች ሁሉ ይቆማሉ፤ ፋይል ሲስተሙም ከአገልግሎት ይነቀላል። ኤክስት ፎር በሥራ ላይ ሳለ ሊሰፋ እንጂ ሊጠብ አይችልም።

3ኛ፤ ኢ ቱ ኤፍ ኤስ ሲኬ በሚባለው ትእዛዝ ፋይል ሲስተሙ በሙሉ ይመረመራል። የታመመ ፋይል ሲስተም አይጠበብም፤ አስቀድሞ ይታከማል።

4ኛ፤ ፋይል ሲስተሙ ከመጨረሻው መጠን በታች፣ ለምሳሌ ወደ 110 ጊጋባይት፣ ይጠባል። ይህም 28,835,840 ብሎኮች ማለት ነው።

5ኛ፤ ኤል ቪ ሪዲውስ በሚባለው ትእዛዝ ሎጂካል ቮልዩሙ ወደ 120 ይወርዳል።

6ኛ፤ ፋይል ሲስተሙ ያለውን ቦታ እንዲሞላ እንደገና ይሰፋል። በዚህ ጊዜ ከ110 ወደ 120 ይደርሳል።

7ኛ፤ እንደገና ተመርምሮ ወደ አገልግሎት ይመለሳል፤ ፋይሎችም ተከፍተው ይታያሉ።

በ4ኛው ደረጃ በቀጥታ 120 ያላልንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የ10 ጊጋባይቱ ልዩነት ለስሌት ስሕተት የተተወ መጠጊያ ነው፤ በ6ኛው ደረጃ ተመልሶ ስለሚገኝ የሚባክን ነገር የለም። ኤል ቪ ኤም እነዚህን ደረጃዎች በአንድ ትእዛዝ አያይዞ የሚፈጽምበት አማራጭም አለው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን የማያውቅ ሰው ትእዛዙ በመካከል ቢቆምበት የት እንደ ደረሰ ሊያውቅ አይችልም።

እስከዚህ የጠበበው ሎጂካል ቮልዩሙ ነው፤ የተረፈው 80 ጊጋባይት አሁን በጉባኤው ውስጥ ነጻ ሆኗል። ለሌላ ሎጂካል ቮልዩም ለመስጠት ይህ ይበቃል። ቦታው ወደ ማከማቻው እንዲመለስ ከተፈለገ ግን የኔትወርክ ቮልዩሙን ከመቁረጥ የሚሻል መንገድ አለ። አዲስ፣ ትንሽ፣ ነገር ግን ለ120 ጊጋባይቱ ከነትርፉ የሚበቃ የኔትወርክ ቮልዩም ከማከማቻው ተጠይቆ ወደ ጉባኤው ይገባል፤ ፒ ቪ ሙቭ በሚባለው ትእዛዝ መረጃው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይዛወራል፤ አሮጌው ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ከጉባኤው ወጥቶ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ማንም መሬት ከመረጃ ሥር አይቆርጥም።

ይህ አደጋ በማከማቻ ሠሪዎችም ዘንድ የታወቀ ነው። ኔትአፕ የተባለው ኩባንያ ኦንታፕ የሚባለው ሥርዐቱ ለሰርቨር የተሰጠን የኔትወርክ ቮልዩም እንዲያሳንስ በተራ ትእዛዝ ቢጠየቅ እምቢ ይላል፤ የሚፈጽመው «በግድ» የሚል ቃል ሲጨመርበት ብቻ ነው። ይህ ቃል የተጨመረው ለማስገደድ ሳይሆን ለማሳሰብ መሆኑን መረዳት ይገባል።

ስለማይጠቡ ፋይል ሲስተሞች

ፋይል ሲስተም ሁሉ አንድ ባሕርይ የለውም። ኤክስ ኤፍ ኤስ ትልልቅ ማከማቻዎችን በመያዝ የታወቀ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የዊንዶውስ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ከቪስታ ጀምሮ በሥራ ላይ ሳለም ሊጠብ ይችላል፤ ነገር ግን ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ፋይሎች በመንገድ ላይ ካሉ እዚያው ይቆማል። ቢ ቲ አር ኤፍ ኤስ በሥራ ላይ ሳለ ይሰፋልም ይጠባልም።

ኤክስ ኤፍ ኤስን ለማጥበብ የሚፈልግ ሰው ያለው መንገድ፣ አዲስ ትንሽ ቮልዩም ፈጥሮ፣ ፋይሎቹን ገልብጦ፣ ግልባጩን ከዋናው ጋር አነጻጽሮ፣ ከዚያ በኋላ አሮጌውን መልቀቅ ነው። ከዚህ የምንማረው ትምህርት አለ። ማከማቻ ሲመደብ በመጀመሪያ በልክ ወይም በትንሹ መመደብ፣ ሲያስፈልግም ቀስ በቀስ ማሳደግ ይሻላል። የሰጡትን መጨመር ቀላል ነው፤ የሰጡትን መንሣት ግን ከባድ ነው።

ስለ ተስፋ ቦታ

ዘመናዊ ማከማቻዎች ያላቸውን ብቻ ሳይሆን የሌላቸውንም ቦታ ተስፋ ሊሰጡ ይችላሉ። ለምሳሌ በእውነቱ 1000 ጊጋባይት ያለው ማከማቻ ለአምስት ሰርቨሮች ለእያንዳንዳቸው 400 ጊጋባይት ሰጥቻለሁ ሊል ይችላል። ድምሩ 2000 ነው። ሰርቨሮቹ የተሰጣቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልሞሉ ችግር የለም። ዕቁብተኞች ሁሉ በአንድ ቀን ዕጣው ይውጣልን ቢሉ ግን ዕቁቡ እንደሚፈርስ፣ ሰርቨሮቹም ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢሞሉ ማከማቻው መጻፍ ያቆማል።

በዚህ ዐይነት ማከማቻ ላይ አንዱን ቮልዩም ማስፋት ተስፋውን ማብዛት እንጂ ቦታ መጨመር አይደለም። ስለዚህ ከማስፋት በፊት የቮልዩሙን መጠን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን እውነተኛ ነጻ ቦታ መመልከት ግዴታ ነው።

ስሕተት ቢደርስ

ምንም ጥንቃቄ ቢደረግ ስሕተት ሊደርስ ይችላል። ፋይል ሲስተሙ ሳይጠብ ቮልዩሙ የተቆረጠ እንደ ሆነ፣ ሊኑክስ ኤክስት ፎርን እንደገና ወደ አገልግሎት ለማስገባት ሲጠየቅ፣ የተመዘገበው የብሎክ ቁጥር ከዲስኩ መጠን በለጠ ብሎ እምቢ ይላል። በዚህ ሰዓት ብዙ ሰው ደንግጦ የጥገና ትእዛዝ ይሰጣል። ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጥገናው ፕሮግራም የጠፉትን ብሎኮች ከመዝገብ ሊሰርዛቸው ይችላልና። ኢ ቱ ኤፍ ኤስ ሲኬ ሁለቱ መጠኖች አለመስማማታቸውን ሲያይ «ላቁም ወይ» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም «አዎን» መሆን አለበት።

ትክክለኛው እርምጃ ማናቸውንም ጽሕፈት ማቆም ነው። ቮልዩሙ የተቆረጠው በኤል ቪ ኤም ደርብ ላይ ከሆነ፣ ኤል ቪ ኤም ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት የነበረውን የወሰን መዝገብ በሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል። በተለቀቀው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት፣ ቦታውም ለማከማቻው «ነጻ ነው» ተብሎ ካልተነገረ፣ የቀድሞውን የወሰን መዝገብ በመመለስ ፋይል ሲስተሙን ማዳን ይቻላል። የተቆረጠው በማከማቻው ደርብ ላይ ከሆነ ግን ማከማቻው የተለቀቁትን ብሎኮች ወዲያው ለሌላ ሊሰጣቸው ስለሚችል፣ ተስፋው አስቀድሞ በተነሣ ስናፕሾትና በተሞከረ ቅጂ ላይ ብቻ ይሆናል።

ማጠቃለያ

አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። የፈሰሰ እህል ቢያንስ ከአፈሩ ጋር ተለቅሞ ይበጠራል፤ የፈሰሰ መረጃ ግን ብዙ ጊዜ አይለቀምም። ስለዚህ ሲያሰፉ ከታች ወደ ላይ፣ ሲያጠብቡ ከላይ ወደ ታች፤ በሁለቱም ጊዜ ታችኛው ከላይኛው እንዳያንስ መጠበቅ፤ ከሁሉም አስቀድሞ የተሞከረ ቅጂ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ትእዛዞቹ ከዘመን ወደ ዘመን፣ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ይለዋወጣሉ፤ ይህ ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም። ከእናንተ መካከል ነገ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ የሚጠብቁ ይኖራሉና፣ ትእዛዙን ከመማር በፊት ሥርዐቱን መማር ይገባል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1ኛ፤ የኔትወርክ ቮልዩሙና የቮልዩም ጉባኤው 500 ጊጋባይት፣ ሎጂካል ቮልዩሙና ፋይል ሲስተሙ 300 ጊጋባይት ናቸው። ፋይል ሲስተሙ 400 እንዲሆን ቢፈለግ የትኞቹ ደርቦች ይነካሉ? በምንስ ቅደም ተከተል?

2ኛ፤ ብሎኩ 4096 ባይት የሆነ የ80 ጊጋባይት ፋይል ሲስተም ስንት ብሎኮች አሉት? ጊጋባይቱ በ1024 ይቆጠር።

3ኛ፤ በሬይድ የተቀናጀ ማከማቻ ያለው መሥሪያ ቤት የመጠባበቂያ ቅጂ ለምን ያስፈልገዋል?

4ኛ፤ 1000 ጊጋባይት የሆነ የኤክስ ኤፍ ኤስ ቮልዩም ወደ 600 እንዲወርድ ቢታዘዝ ምን ታደርጋላችሁ?

የ1ኛው መልስ፤ በጉባኤው ውስጥ 200 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ስላለ ሎጂካል ቮልዩሙና ፋይል ሲስተሙ ብቻ ይነካሉ፤ የሚቀድመውም ሎጂካል ቮልዩሙ ነው። የ2ኛው መልስ፤ 20,971,520 ብሎኮች። የቀሩትን ሁለቱን ግን አንባቢ ከላይ ከተጻፈው ተነሥቶ በራሱ ቃል ይመልሳቸው።